የባሌስትራ መጥረቢያ

ባለቤቴ ድንኳን ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጅቶበታል። የጨርቁን ውፍረት፣ የካስማውን ርዝመት፣ የዚፑን ጥርስ ሳይቀር በዩቲዩብ አጥንቷል። መጥረቢያ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለው ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዕቃው ሁሉ ተጭኖ፣ እናቱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ እኔና ሁለቱ ልጆቻችን ከኋላ በፍራሽና በድስት መሀል ተጨናንቀን፣ ከሲኤምሲ ቤታችን ልንወጣ የግቢው በር ከተከፈተ በኋላ።

«መጥረቢያ የለንም» አለ፤ ጥፋቱ የመጥረቢያው ይመስል።

የምንሄደው ወደ ላንጋኖ ነበር። ባለፈው ዓመትም እዚያው ሄደን ሐይቁ ዳር ድንኳን ተከልን፤ እሳት እናነዳለን ብለን ከአካባቢው ሰዎች እንጨት ገዛን። የመጣልን ግን እንጨት ሳይሆን ግንድ ነው። ባለቤቴ በሽንኩርት ቢላ ሲታገለው ቆይቶ ቢላውን ሰበረ፤ ልጆቹም ቀዝቃዛ ፓስታ በልተው ተኙ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ «ዘንድሮስ እሳት አለ?» እያለች ስትጠይቀኝ ከርማለች። ስድስት ዓመቱ የሆነው ወንድሟም እሷን እየሰማ እንደዚያው።

«መንገድ ላይ እንገዛለን» አልኩ። «የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።»

ባለቤቴ በመስታወቱ አየኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። «እናቴ እዚህ አሉ፣ አደራሽን» ማለቱ ነው።

ለምን እንዲያ እንዳየኝ አሁኑኑ ልናገር፤ ነገር ማድበስበስ አልወድም፣ ከበቂ በላይ አድበስብሻለሁ። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ብረት በእሳት አግሎ ማረሻና ማጭድ፣ መጥረቢያና መቆፈሪያ እየሠራ አምስት ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። ዛሬ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሼ የሰው ደም የምመረምረው በእሱ መዶሻ ነው። አማቴ ባደጉበት አገር ግን ቀጥቃጭ ማለት ስሙ በሹክሹክታ የሚነሳ፣ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚባል፣ ሲመጣ ልጅና ምግብ የሚሸፈንበት ሰው ነው። እኔ ባደግኩበትም ያው ነው። ልዩነቱ፣ እነሱ የሚሸፍኑት ወገን ሲሆኑ እኛ የሚሸፈንብን መሆናችን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ሽማግሌ የላከ ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ዘር ማንዘር ቆጠሩ። «የልጅቷ አባት በምን ይተዳደራሉ?» ሲሉ አጎቴ «በብረታ ብረት» አላቸው። ሱቅ መሰላቸው፤ ማንም አላረማቸውም። ባለቤቴ እውነቱን ያውቃል፤ ገና ስንተዋወቅ ነግሬዋለሁ። «ለእኔ ምንም አይደለም፤ እናቴ ግን ባይሰሙ ይሻላል» ያለኝም እሱ ነው። እኔም እሺ አልኩ። ሰው በፍቅር ሲነሆልል እሺ የማይለው ነገር የለም። እነሆ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ የብረታ ብረት ነጋዴ ሆኖ ይኖራል፤ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ እኖራለሁ።

ኢምፔሪያል ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ባለቤቴ መኪናውን አንድ ግንባታው ያላለቀ ፎቅ ሥር ጥግ አስያዘና ሁለታችን ወርደን አጠገቡ ካለ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ገባን።

«መጥረቢያ ፈልገን ነበር» አልኩት ሻጩን።

«አለ፣ ወንድሜ» አለው ባለቤቴን።

ከላይኛው መደርደሪያ ያወረደው ነገር ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ቢጫ የጎማ እጀታ ያለው ነው። አንገቱ ላይ የጀርመን ባንዲራ ተለጥፎበታል፤ ተገልብጦ።

«የጀርመን ነው፣ ኦሪጅናል» አለ።

ተቀበልኩትና በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ስለቱን በጥፍሬ መታ አደረግኩት። ጥሩ ብረት ሲመቱት ድምፁ ይቆያል፤ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ቶሎ አይወጣም። ይሄኛው እንደ ቲማቲም ጣሳ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። የቤቴን ቁልፍ አወጣሁና ስለቱን ጫር አደረግኩት። የተጫረው መጥረቢያው ነው፤ ቁልፌ ምንም አልሆነም።

«ኧረ እህት፣ ዕቃ አታበላሺ» አለኝ ሻጩ፤ ገና አሁን መኖሬን አወቀ።

«በቤት ቁልፍ የሚበላሽ መጥረቢያ እንጨት ሲነካው ምን ሊሆን ነው?»

«ይሄ የወንድ ዕቃ ነው፣ እህት። ለወጥ ቤት ከሆነ ጥሩ ጥሩ ቢላ አለን።»

ደሜ ፈላ። የምመልስለት ነገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ ወናፍ ስነፋ እንደዋልኩ፣ የጋለ ብረት ቀለሙን አይቼ መቼ ከእሳት እንደሚወጣ እንደምናገር። ዞር ስል ባለቤቴ ሰዓቱን እያየ ነው። «ጀርመን እኮ ነው» አለኝና ከፈለ። ሁለት ወር ዚፕ ያጠና ሰው መጥረቢያ ላይ ሲደርስ በተገለበጠ ባንዲራ ተሸነፈ።

ወጥተን መኪናው ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ ከፎቁ ሥር የተጣለ ቁራጭ የባሕር ዛፍ አጣና አየሁ። «እስቲ እዚህ ሞክረው» አልኩት። አልፈልግም እያለ ሦስት ጊዜ መታው። በሦስተኛው ስለቱ እንደ ውሻ ጆሮ ታጠፈ፤ እጀታውም ከአንገቱ ላላ። ይዘነው ተመለስን። ሻጩ ከራሱ በላይ የተሰቀለውን ወረቀት በጣቱ አሳየን፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ከዚያም ለባለቤቴ ብቻ በሚሰማ ትሕትና «አጠቃቀም ነው፣ ወንድሜ» አለው።

«የወንድ ዕቃ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት። «የተጠቀመበት ወንድ ነው።»

ባለቤቴ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። መኪናው ውስጥ አማቴ ለልጆቹ ቆሎ እያደሏቸው ነበር። «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ቀላ?» አሉኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኳቸው። ሙቀት አልነበረም።

እዚህ ላይ አማቴ ክፉ ሴት አለመሆናቸውን መናገር አለብኝ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለኝ። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሥራ ስመለስ ቤታቸውን ዘግተው እኛ ጋ የገቡት እሳቸው ናቸው። ታይፎይድ ጥሎኝ ሦስት ሳምንት ስተኛ ከአልጋዬ አልተለዩም። በወጣትነታቸው ሁለተኛ ልጃቸውን፣ ገና ጡት ሳይጥል፣ ቀብረዋል። በእኔ ሙያ ወባ ወይም ተቅማጥ የምንለው ሳይሆን አይቀርም፤ ሐኪም ግን አላየውም። እሳቸው የሚያውቁት ሕፃኑን አዝለው ገበያ በሄዱበት ቀን ማረሻ በሚሸጥ ሰው አጠገብ ማለፋቸውን ነው። ይህን ታሪክ ሲነግሩኝ እጃቸውን ይዤ አልቅሻለሁ። ሌላ የምለው አጥቼ ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እኔን ግን ዝገት ሆኖ በላኝ።

ቦሌ ላይ ደግሞ የካምፒንግ ዕቃ የሚሸጥበት አዲስ ሱቅ አለ ብሎ ባለቤቴ በስልኩ አገኘ። መስታወቱ የሚያበራ፣ ውስጡ እንደ ሽቶ ቤት የሚሸት ሱቅ ነው። መጥረቢያቸው ከክንዴ ያጠረ፣ ቆዳ የለበሰ፣ በአበባ ቅርጽ የተቀረጸ ጌጥ ነው። ይቆርጣል ወይ ብዬ ስጠይቃት ሻጯ ከልቧ አዘነችልኝ።

«እሱ እኮ ለካምፒንግ ቫይብ ነው፣ ለመቁረጥ አይደለም። ፎቶ ላይ በጣም ነው የሚያምረው።»

ባለቤቴ እንኳን ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በዚህች ከተማ ውስጥ፣ ከሁለት ሱቅ፣ እንጨት የሚቆርጥ መጥረቢያ ጠፋ ማለት ነው። ጥፋቱስ የማን ነው? አገሩን ሁሉ ያበላውን ማረሻ ሲሠራ የኖረውን እጅ ንቀን፣ አዋርደን፣ ልጆቹ ሙያውን ደብቀው እንዲሸሹ አድርገን፣ ዛሬ ቀለም የተቀባ ጣሳ እየገዛን «ኦሪጅናል ነው» እንባባላለን። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ይሉናል እንጂ ሌላ ምን ይሉናል። ከሰባሪዎቹ አንዷ ደግሞ እኔው ነኝ፤ ደብቀው ከሸሹት ልጆች መሀል ነኝና።

«ወደ ቦሌ ሚካኤል ንዳ» አልኩት።

«እዚያ ምን አለ?»

«መጥረቢያ።»

የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጥሩ ቀጥቃጭ እንዳለ ነግሮኝ ያውቃል። ባለቤቴ ገብቶታል፤ አንገቱ ከኋላ ሲቀላ አየሁት። አማቴ ግን ደስ አላቸው። «ጥሩ ነዋ፣ ሚካኤልን ተሳልመን፣ መንገዳችንን ባርኮልን እንሄዳለን» አሉ። ከበሩ አጠገብ ቆምን፤ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለቱን ልጆች በግራና በቀኝ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገቡ። እሳቸው እስኪመለሱ ገዝቼ እጨርሳለሁ ብዬ አሰላሁ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሴት፣ ሁለት ልጆች የወለድኩ ሴትዮ፣ መጥረቢያ ለመግዛት ከአማቴ እየተደበቅኩ፣ ባለቤቴን አስከትዬ፣ በቅያስ ውስጥ እሮጣለሁ። በራሴ ላይ የመጣብኝን ንዴት ልገልጸው አልችልም።

ቅያሱ ብየዳ ቤቶችና በርና መስኮት ሠሪዎች የሞሉበት ነው። መጨረሻ ላይ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ የከሰሉና የጋለው ብረት ሽታ ተቀበለኝ። የአባቴ ቤት ሽታ ነው።

ቀጥቃጩ ስልሳ ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው። በወናፍ ፋንታ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ በሽቦ አስረው እሳታቸውን ያናፍሱበታል። ስንገባ ቀና አላሉም፤ እጃችንንና እግራችንን ብቻ አዩ።

«ደህና ዋሉ አባቴ። መጥረቢያ ፈልጌ ነበር።»

«አለ። ለምን ሥራ ነው?»

ከጠዋት ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ግንድ ለመፍለጥ።»

«ለመፍለጥ ከሆነ ጉንጩ ወፈር ያለ ነው የሚሻልሽ። ቀጭኑ ግንዱ ውስጥ ይሰነቀርና ያለፋሻል።»

ከግድግዳው ያወረዱት መጥረቢያ ጥቁር ነው፤ ቀለም የሚባል አልነካውም፤ የመዶሻው ምት ጎኑ ላይ ይታያል። እጀታው ወይራ ነው። ከምን እንደተሠራ ጠየቅኳቸው። «ከባሌስትራ» አሉኝ፣ የአሮጌ ጭነት መኪና። ባሌስትራ መኪናው ሥር ተነባብሮ የሚታሰረው ብረት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት እየተሸከመ ሲጎብጥና ሲቃና የኖረ ብረት። አባቴም ከዚህ የተሻለ የለም ይላል። አንጠልጥዬ በጥፍሬ መታሁት። ድምፁ ቆየ፤ በጣም ቆየ።

«ስለቱን ብቻ ነው ውሃ ያጠጡት?» አልኳቸው።

ብረት ከእሳት ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር በእኛ ቤት ውሃ ማጠጣት ይባላል። መላው ከጠነከረ መጥረቢያው ይሰነጠቃል፤ ስለቱ ካልጠነከረ ይታጠፋል። ጫፉን ብቻ አጠጥቶ ጀርባውን መተው የእጅ ሥራ ነው፤ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክሩ አልተፈታም ነበር። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣው ቃል ሁለት ነው፤ አንዱ እውነት፣ አንዱ ብረታ ብረት። ሁለቱም ሳይወጡ የልጆቼን ሩጫና ሳቅ ሰማሁ። ከሚካኤል ደጅ ቶሎ ተመልሰው፣ መኪናው ውስጥ ስላጡን፣ የብረቱን ድምፅ ተከትለው መጥተዋል።

ሽማግሌው የልጅ ድምፅ ሲሰሙ ያደረጉትን እስክሞት አልረሳውም። ማንም ምንም አላላቸውም። አማቴ ገና ቅያሱ መሀል ናቸው። ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ፤ በርጩማቸውን አነሱ፤ አዞሩና ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ አድርገው ተቀመጡ። ሰው ፀሐይ ሲያስቸግረው ወንበሩን እንደሚያዞረው፣ እንዲሁ በቀላሉ። ልጆቼ እንዳይፈሩ፣ የልጆቼ ሰዎችም እንዳይፈሩ።

አማቴ ደጃፉ ላይ ደርሰው እሳቱን፣ ከሰሉንና የተሰቀለውን ብረት አዩ። ወንዱን ልጅ ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት፤ የሴቷን ፊት በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ኑ ልጆቼ፣ ጭሱ ዓይናችሁን ያማችኋል» አሉ። ለልጃቸው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እዚህ ድረስ ታመጣናለህ? ዓይን አይታመንም እያልኩህ?» አሉት።

እኔ ግን የማየው እሳቸውን አልነበረም። የማየው ወደ ግድግዳ የዞረውን ጀርባ ነው፤ የአባቴን ጀርባ ነው የማየው። አባቴ ቤታችን ሲመጣ ልጆቹ ሲበሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራል። ጨቅላ ሳሉ ጭኑ ላይ ሳስቀምጣቸው ጣሪያ ያያል። ሳማቸው ስንለው ግንባራቸውን በዳበሳ ፈልጎ ይስማል። ዜና ይወዳል እል ነበር፤ ዓይነ አፋር ሆኗል፣ አርጅቷል እል ነበር። ይህ ሰው እኮ እኛን ልጆቹን አይቶ የማይጠግብ ነበር። ማታ ከእሳቱ ሲነሳ በተራ አቁሞን ጥፍራችንን፣ ጥርሳችንን፣ ተረከዛችንን ሳይቀር የሚያይ አባት ነበር። እንዴት አልገባኝም? በየቀኑ በማይክሮስኮፕ የማይታየውን የማይ ሴት፣ የገዛ አባቴ ዘጠኝ ዓመት ፊቱን ሲያዞር አላየሁም።

«አባቴ» አልኩ፣ ለሽማግሌው ጀርባ። ድምፄ ብየዳ ቤቶቹ ድረስ ተሰማ መሰለኝ። «የማን ልጅ ነሽ ብለውኝ ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ ዛሬም ይሠራል።»

ባለቤቴ ከጫማው ሳይነሳ ቀረ።

«እጁን ይባርከው» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ።

መጥረቢያውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው መሬት ላይ ሊያኖሩልኝ ሲሉ «በእጄ ይስጡኝ» አልኳቸው። ከእጃቸው የሚቀበል ሰው ብዙ እንደሌለ ከሁኔታቸው ታወቀኝ። ዕቃውን አንዴ ወደ ራሳቸው መልሰው ያዙት፤ ከዚያ ሰጡኝ። መዳፋቸው እንደ አባቴ መዳፍ ሻካራ ነው።

ወደ መኪናው ተመለስን። መጥረቢያው እግሬ ሥር ነው። ቀለበት መንገዱን ይዘን፣ ወደ ፈጣን መንገዱ የሚሄደው ሰልፍ ውስጥ ገብተን እግር በእግር መጓዝ ጀመርን። የምጠብቀው ጩኸት ነበር፣ ለቅሶ ነበር፣ «አታላችሁኝ» የሚል ነበር። ለዚያ ሁሉ መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት መልስ።

«አውቃለሁ» አሉ አማቴ፣ ወደ ፊት እያዩ።

«ምኑን?»

«የአባትሽን ነገር። ለልጅቷ ክርስትና የመጡ ቀን ራሳቸው ነገሩኝ። ማጀት ድረስ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው። ‹እመቤቴ፣ እኔ ቀጥቃጭ ነኝ፤ ኋላ ከሌላ ሰው ሰምተው እንዳይደነግጡ። ልጄ እንደነገርኩዎት እንዳትሰማ። ቤቷን አያፍርሱባት እንጂ እኔ ልጆቿን አላይም› አሉኝ። በመስቀል ማሉልኝ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቃላቸውን ጠብቀዋል። ጨዋ ሰው ናቸው።»

በሕይወቴ እንደዚህ ያናደደኝ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም። ጨዋ ሰው ናቸው። በገዛ ልጁ ቤት ውስጥ ዓይኑን አስይዞ የልጁን ትዳር ያቆየ ሰው፣ ጨዋ ተባለ። እሳቸውም መሐላውን ተቀብለው፣ ዘጠኝ ዓመት እየጠበቁ፣ ምሳ ሲቀርብ አባቴ ወደ ግድግዳ ሲዞር እያዩ ወጥ ይጨምሩለት ነበር። በፍቅር፤ ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ።

«እማማ» አልኳቸው፤ ተናድጄም አንቱ ነው የምላቸው፣ «እርስዎ የልጆቼን አያት ቀሙኝ።»

«አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ሁለተኛ አልችልም።»

ባለቤቴ «ቆይ እስቲ፣ ተረጋጉ፣ ልጆቹ ይሰማሉ» አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዋጣው ሐሳብ ይኸው ነው፣ እንዳይሰማ። ልጄ ግን ስትሰማ ነበር። ቆሎውን ከእጇ ላይ አራግፋ ወደ እኔ ዞረች።

«ማሚ፣ አባባ እኔን አይቶኝ አያውቅም ማለት ነው?»

«አቁመው» አልኩት ባለቤቴን። መብራቱን አብርቶ ጥግ ያዘ። ከኋላችን ያሉት ሚኒባሶች ጥሩምባቸውን ለቀቁብን፤ ይልቀቁ። ስልኬን አወጣሁና በቪዲዮ ደወልኩ።

አባቴ አነሳ። የታየን እንደ ወትሮው የቤቱ ጣሪያ ነው፣ ጥላሸት የጠጣ ቆርቆሮ። ስልክ አያያዝ አያውቅም እያልን ዓመታት ስንስቅበት የኖርነው ጣሪያ ነው። ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«አባባ፣ ስልኩን ወደ ፊትህ አዙረው።»

«ማን አለ አጠገብሽ?» አለ።

«ሁላችንም አለን። እማማም አሉ።»

ጣሪያው አልተንቀሳቀሰም።

«ፈቅደዋል?» አለ።

አማቴ ከፊት ወንበር ሆነው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ጠበቅኳቸው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አንድ ቃል እንዲሉ ጠበቅኳቸው፤ አላሉም።

«አባዬ» አልኩ፣ በልጄ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብዬ። «ልጆቹ የእኔ ናቸው። የማንም ፈቃድ አያስፈልግህም። የማልከውንም መሐላ እኔ ፈትቼልሃለሁ። አዙረው።»

ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ግድግዳው መጣ፣ ከዚያ የለበሰው አሮጌ ኮት ትከሻ፣ ከዚያ ነጭ ጢሙ፣ ከዚያ ሙሉ ፊቱ። ልጄ ስልኩን ወደ ራሷ አስጠግታ፣ በደንብ እንዲያያት ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ ሰበሰበች፤ ፈገግ አለችለት።

«የእኔ እመቤት፣ እንዴት አድገሻል» አላት አባቴ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።